በሁዳዴ ጥብስ የሸተተ ራስ

"ያንቺ ነው፤ ውሰጂው፣ ያስፈልግሻል።"

እንዲህ ያሉኝ ጋሽ ታደሰ ናቸው። ከበያይነቱ መሀል፣ ከምስሩና ከጎመኑ ድንበር ላይ የመዘዙትን ክንድ የሚያህል ፀጉር በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ወደ እኔ ዘረጉት። ቤቱ ሙሉ ነበር። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም።

"የኔ መሆኑን በምን አወቁ?"

"የሌሎቹ ፀጉር ራሳቸው ላይ ነው ያለው።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጎርሶ የነበረው ሁሉ እያነቀው ሳቀ። ፀጉሩን ተቀብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? የኔ ነበር።

ቦታውን ላስተዋውቃችሁ። የምሠራው ቂሊንጦ፣ ከፋብሪካዎቹ በር ፊት ለፊት ባለች አንዲት ምግብ ቤት ነው። የጠዋት ፈረቃ ስምንት ሰዓት ላይ ይወጣል። በጾም ወራት ሰዓት የሚጾሙት ሠራተኞች ዘጠኝ እስኪሞላ ከደጃችን ካለው የቆርቆሮ ጥላ ሥር ተደርድረው ይጠብቃሉ፤ ዘጠኝ ሲል በሩ ይጠባቸዋል። ጋሽ ታደሰ የእነዚህ አለቃ ናቸው ማለት ይቻላል። ከፋብሪካዎቹ በአንዱ የዕቃ ግምጃ ቤት ይጠብቃሉ፣ በበጋም በክረምትም አንዲት ቡኒ ኮፍያ ያደርጋሉ፣ እሳቸው ሳይቀመጡ የሚቀመጥ የለም። እሳቸው "ዛሬ ሽሮው ጥሩ ነው" ካሉ ሽሮው ያልቃል፤ ዝም ካሉ ይተርፋል።

የቤቱ ባለቤት እትዬ ዘነቡ የጾም ነገር አይሆንላቸውም። በቅበላ ማግስት የፍስኩ መጥበሻ፣ ድስትና ቢላ በአመድ ታሽተው፣ ታጥበው፣ ደርቀው ሣጥን ውስጥ ይገባሉ፤ ሣጥኑ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል። እስከ ፋሲካ ድረስ ያን ሣጥን እንኳን መክፈት መደገፍም አይፈቀድም። አንድ ቀን ደክሞኝ ብቀመጥበት "ተነሺ፣ ጾም ነው" ብለውኛል። ሰው ከዚያ ሁሉ ምግብ ቤት መርጦ እኛ ጋ የሚመጣውም ለዚሁ ነው።

ፀጉሩ የተገኘ ቀን እትዬ ዘነቡ ጓዳ ጠሩኝ።

"ስሚኝ ልጄ። ሰው እዚህ ቤት የሚበላው አምኖ ነው። ወይ ፀጉርሽ መርገፉን ያቆማል፣ ወይ አንቺ መምጣትሽን ታቆሚያለሽ።"

አሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ወዲህ ሦስት ሥራ ለቅቄአለሁ። አንዱን ስለሰለቸኝ፣ አንዱን አለቃዬ ሲያወራ ስለሚተፋ፣ አንዱን ደግሞ ለምን እንደሆነ ረስቼዋለሁ። ግን ሁሉንም የለቀቅሁት እኔ ነኝ። እኔ እለቃለሁ እንጂ አልባረርም። አሁን ፀጉሬ ቀድሞኝ ሲለቅ፣ እኔን ደግሞ ሊያስባርረኝ ነው።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ አውቃለሁ። ሹሩባ ስሠራ ካላመመኝ የተሠራሁ አይመስለኝም። ሠሪዋን "ጠበቅ አድርጊው" እላለሁ፤ ታጠብቃለች፤ "ትንሽ ጠበቅ" እላለሁ፤ ጉልበቷን ጀርባዬ ላይ ተክላ ትስባለች። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ቅንድቤ ተሰቅሎ፣ ደንግጬ የቀረሁ መስዬ እሰነብታለሁ። እንዲህ እያደረግሁ ስንት ዓመት ጎትቼ ጎትቼ፣ ከግራና ከቀኝ ጆሮ ግንዴ በላይ ያለው ተነቅሎ አለቀ። ራስ ሳይጠና ጉተና ይላሉ። የኔ ራስ እንኳን ጠንቷል፤ ጉተናው ነው የጎደለው።

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አብራኝ የምትኖረው መስኪ ናት፤ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች፤ እረፍቷን በሙሉ ስልኳ ላይ ነው የምታሳልፈው። ነገሩን ስነግራት አላዘነችም፤ መስኪ አታዝንም፣ ትፈልጋለች። ስልኳን አውጥታ ሦስት ደቂቃ ፈልጋ "ቀይ ሽንኩርት" አለች።

"ምን ላድርገው?"

"ጨምቀሽ ተቀቢው። ያበቅላል ይላል።"

ይሄኛው በጣም ተመቸኝ። ወጥ ቤት ለምትሠራ ሴት ሽንኩርት መሽተት ደንብ ልብስ ነው፤ ማን ይጠረጥረኛል? ጨምቄ፣ ተቀብቼ፣ ሻሼን ደርቤ አስሬ ገባሁ። ያላሰብኩት ነገር ቢኖር ላብ ነው። የምድጃው ሙቀት ሲጀምረኝ ጭማቂው በግንባሬ ወርዶ ሁለቱም ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሰሃን ተሸክሜ፣ እንባዬ በጉንጬ እየወረደ፣ "ምን ልታዘዝ" ማለት ጀመርኩ።

አንዷ ሠራተኛ ቀና ብላ አየችኝና እጄን ያዘች። "እግዜር ያጥናሽ" አለች።

"አሜን" አልኩ። ለእግዜር ያጥናሽ ሌላ መልስ የለም።

ይሄ "አሜን" ነው ያጠፋኝ። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ወሬው ቀደመኝ። ዘጠኝ ተኩል ሲሆን አጎቴ ሞቷል። አሥር ሰዓት ላይ አጎቴ ልጆች ነበሩት። ጋሽ ታደሰ ተነስተው ቆመው "ስንት ዓመታቸው ነበር?" ሲሉኝ፣ ያን ሁሉ ሐዘንተኛ ማሳፈር አልሆነልኝም፤ "ገና ነበር" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። በማግስቱ ጥቁር ሳልለብስ ስመጣ ሁሉም ታዘበኝ። ሽንኩርቱን ተውኩ፤ አጎቴን ግን መመለስ አልቻልኩም።

ቀጥሎ ሬትና ተልባ ነው። ሬቱ ለቆዳው፣ ተልባው ለማለስለሻ፤ እንዲህ አለች መስኪ፣ የሐኪም ፊት ለብሳ። ሬት ምን እንደሆነ አገር ያውቃል፤ እናቶቻችን ጡት ሊያስጥሉን ሲሉ የሚቀቡት ነው። ተልባውን አፍልቼ አጠለልኩት፣ ሬቱን ጨመርኩበት፣ በውሃ ጠርሙስ አድርጌ እንዳይበላሽ ምግብ ቤቱ ፍሪጅ ውስጥ ከኋላ በኩል ደበቅሁት። ከኋላ ማስቀመጤን እንደ ብልህነት ቆጥሬው ነበር።

አሁን አስቡት። ወሩ ሁዳዴ ነው። ፍሪጁ የጾም ምግብ ቤት ፍሪጅ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ተልባ ነው። ወጥ ሠሪያችን አስካለ እጇን ሰደደች፣ አገኘች፣ ብርጭቆ ላይ ቀዳች፣ ለጋሽ ታደሰ አቀረበች። እኔ ከደጅ ውሃ ቀድቼ ስገባ ብርጭቆው ግማሽ ደርሷል። ፊታቸው እንደ ተጨመቀ ሎሚ ሆኗል።

"ዛሬ ተልባው መሯል" አሉ።

"ይተዉት፣ ልቀይርልዎት" አልኩ፤ እጄን ዘረጋሁ።

ብርጭቆውን ወደ ደረታቸው ሳቡት። "ተይው። በጾም የመረረ ነገር ለነፍስ ነው።" ጨረሱት። አፋቸውን ጠርገው ተመስገን አሉ።

በማግስቱ ዘግይተው፣ ግድግዳ እየተደገፉ መጡ። "ለነፍሴ ብዬ የጠጣሁት" አሉ ቀስ ብለው ሲቀመጡ፣ "ሥጋዬን ሲያዋርደው ዋለ።" ጎንበስ ብዬ ጠረጴዛ ጠረግሁ። አስካለ እስከ ዛሬ የምታውቀው ተልባው እንደከረመ ነው።

በዚህ ጊዜ ብልህ ሰው ይተዋል። እኔ ግን ሊሄድ የተነሳ ፀጉርና ሊሄድ የተነሳ እንግዳ አንድ መሆናቸው ገብቶኝ ነበር፤ ጠበቅ አድርገህ ካልያዝከው ኮቱን ለብሶ ነው የሚያወራህ። ለነገሩ ጠበቅ አድርጎ መያዝ ነው እዚህ ያደረሰኝ።

ሹሩባውን ፈታሁ። መስኪም ስልኳን እንደገና ከፈተች። አንዲት ፈረንጅ ልጅ ትንሽ ጠርሙስ ይዛ ራሷ ላይ ፊስ ፊስ ታደርጋለች፤ ከሥር "ሮዝመሪ" ይላል። ከወራት በፊት በራ፣ ከወራት በኋላ የፈረስ ጋማ።

"ሮዝመሪ ምንድነው?" አልኩ።

"የውጪ ነገር ነው። የኛ አገር አይኖርም።"

የውጪ ነገር ሲባል ደስ አለኝ። በእሑድ እረፍቴ አቃቂ በሰቃ ገበያ ሄጄ ከመዋቢያ ዕቃ ሱቅ ወደ መዋቢያ ዕቃ ሱቅ ዞርኩ። የለም። በመጨረሻ ቅመም የሚሸጠው ሸምሱ ሱቅ ቆሜ፣ ስልኬ ላይ ያለውን ሥዕል አሳየሁት። ሸምሱ የስልጤ ሰው ነው፤ ከሱቁ የማያወጣው ቅመም የለም፤ ሥዕሉን ሁለት ጊዜ አላየውም።

"እህቴ፣ ይሄማ የጥብስ ቅጠል ነው።"

ከጀርባው ካለው ጆንያ አንድ እቅፍ አወጣና አፍንጫዬ ሥር አደረገው። እውነቱን ነው። ይሄን ሁሉ የዞርኩት በልደታችን በሠርጋችን ከሥጋው መሀል እየለቀምን የምንጥለውን ቅጠል ፍለጋ ነው።

"ግን ጾም አይደለም እንዴ?" አለኝ። "ከቅበላ ወዲህ ይሄን ቅጠል የጠየቀኝ ክርስቲያን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።"

"ለራሴ ነው።"

"ለራስሽማ ነው። እኔ ምን አገባኝ፣ ሁሉም የሚጠየቀው በየራሱ ነው" አለና፣ ገበያ ስላልነበረው ሌላ እቅፍ መረቀልኝ። ላስረዳው አፌን ስከፍት ሌላ ሰው ሚጥሚጣ ጠየቀው።

ማታውኑ አፈላሁት፣ ቀዘቀዘ፣ አጠለልኩት፣ ጠርሙስ ውስጥ አደረግሁት። በጠዋት በጠዋት ራሴን አርሼ፣ አሽቼ፣ ሻሼን አስሬ እወጣለሁ። መጀመሪያ ቀን ሚኒባስ ውስጥ እንደገባሁ ነገሩ ታወቀኝ። ከኮዬ ሦስት መቶ ሜትር ሳንርቅ ከፊቴ ያሉት ነጠላ የለበሱ እናት አፍንጫቸውን አነሱ፣ አማተቡ።

"በስመአብ። በዚህ ጠዋት? በጾም?"

"ማነው ጥብስ ያስጠቀለለው?" አለ ከኋላ አንድ ሰውዬ። "ኧረ እባካችሁ፣ ሰው ምሳውን ሳይሆን ነፍሱን ነው የያዘው።"

ሁሉም የእጅ ቦርሳዬን አየ። እኔም አብሬ አየሁት፣ ምናልባት አለበት እንደሆነ። ከዚያ ደግ ለመሥራት መስኮቱን ከፈትኩ። ነፋሱ ሽታውን ከኔ ወስዶ ለኋላ ወንበሮች እኩል አከፋፈለው። "ዝጊው ዝጊው" አሉ ባንድ አፍ።

ይሁን። መንገደኛ ነው፣ ይወርዳል። በአሥረኛው ቀን መስታወት ፊት ቆሜ ጆሮ ግንዴን ሳይ ግን ምን ባይ ጥሩ ነው? ጭስ የመሰለ ነገር። ጠጋ ስል ፀጉር። የሕፃን ቅንድብ የምታህል፣ ለስላሳ፣ በዚህም በዚያም። መስኪን ቀስቅሼ አሳየኋት። "ሹሩባውን ስለተውሽ ነው" አለች፤ ቅናት ነው። እኔ ቅጠሉ ነው ብያለሁ፣ ቅጠሉ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰሃን ላይ አንድም ፀጉር አልተገኘም። ሥራዬም ፀጉሬም ተተከሉ ብዬ፣ ቀን አንዴ የነበረውን ሁለቴ አደረግሁት። ጠርሙሱን ይዤ እየሄድኩ ከሰዓት ጓዳ ገብቼ እደግመዋለሁ።

ችግሩ ያ የከሰዓቱ ነው። የምድጃው ሙቀት፣ እርጥብ ራስ፣ ጊዜው ዘጠኝ ሊሆን ሩብ ጉዳይ። ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ከጠዋት ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ሃያ ሰላሳ ሰው ተደርድሯል። የጾመ ሰው አፍንጫ ደግሞ የፖሊስ ውሻ ነው።

መጀመሪያ ሹክሹክታ ነበር። ሁለተኛው ቀን አራት አምስት ደንበኛ ከጥላው ተነስቶ ማዶ ወዳለው ቤት ተሻገረ። ሦስተኛው ቀን ግማሹ ጥላ ባዶ ሆነ። እትዬ ዘነቡ ደጅ ወጥተው ማዶ የተሻገረውን ሕዝባቸውን እያዩ "ምን በደልኳቸው?" አሉኝ። አላወቅሁም። እውነቴን ነው፤ ሰው የራሱን ሽታ አያውቅም።

አራተኛው ቀን፣ ልክ ዘጠኝ ሲል፣ ጋሽ ታደሰ ገቡ፤ ግን አልተቀመጡም። እሳቸው ስላልተቀመጡ ማንም አልተቀመጠም። ቤቱ መሀል ኮፍያቸውን አጥብቀው ቆሙ።

"ወይዘሮ ዘነቡ" አሉ። ከዚያ በፊት "ዘኒ" ነበር የሚሏቸው። "እኛ እዚህ የምንበላው አምነን ነው። ከዚህ ጓዳ ጥብስ ይሸታል። ለኛ ሽሮ፣ ለሌላ ሰው ጥብስ ከሆነ፣ ይነገረን።"

እትዬ ዘነቡ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ። ቁልፉን ከማተባቸው ላይ ሊፈቱ ሞከሩ። ቋጠሮው እምቢ አለ፤ አስካለ በጥርሷ ፈታችላቸው። ሣጥኑን ራሳቸው ጎትተው ቤቱ መሀል አመጡት፤ ከፈቱት። መጥበሻው ደርቋል። ድስቱ ውስጥ ሸረሪት ድር ሠርታለች። ጋሽ ታደሰ መጥበሻውን አንስተው አሸተቱት፣ ለጎናቸው ሰጡ፣ እሱም አሸተተ፣ አሳለፈ። መጥበሻው ቤቱን ዞረ።

"ይሄ ንጹሕ ነው" አሉ ጋሽ ታደሰ። "ታዲያ ሽታው ከየት ነው? አሁንም እኮ አለ።"

እትዬ ዘነቡ ሣጥኑ ላይ ተቀመጡ። በሁዳዴ፣ በዚያ ሣጥን ላይ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ከሚኒባሱ እናት ጀምሮ እየተንደረደረ መጥቶ ራሴ ውስጥ የገባው። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ሴትዮዋ ግን ያችን አንድ ስማቸውን ያጣሉ።

"ከኔ ነው" አልኩ።

ሁሉም ዞረ።

"ጥብስ በላሽ?" አለች አስካለ።

"አልበላሁም። ተቀብቼው ነው።"

ይሄ ነገሩን አላቀለለውም። ስለዚህ ሻሼን ፈታሁ። አንዱን፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ስንት ወር የደበቅሁትን ግራና ቀኝ፣ እነዚያን የሕፃን ቅንድቦች፣ ለመላው የጠዋት ፈረቃ ገልጬ ጋሽ ታደሰ ፊት ራሴን ዝቅ አደረግሁ።

"ያሽትቱ።"

"ምን?"

"ራሴን ያሽትቱ። የጥብስ ቅጠል አፍልቼ ነው። ለፀጉሬ። እርስዎ ነዎት ያስጀመሩኝ።"

ጋሽ ታደሰ ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ታቦት እንደሚሳለም ሰው ጎንበስ አሉ። አሸተቱ። እንደገና አሸተቱ። ምራቃቸውን ሲውጡ ሰማኋቸው።

"ሥጋ የለበትም" ብለው ቀና አሉ። "ቅጠል ብቻ ነው። ጾሙ አልተነካም።" ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ቤቱ ሁሉ ተቀመጠ። ሽሮ ታዘዘ።

ሴቶቹ ግን አልተቀመጡም። የፋብሪካውን የፀጉር መረብ ሳያወልቁ ከበቡኝ። አንዷ ጆሮ ግንዴን በጣቷ ዳሰሰች። "ይሄ አዲስ ነው? በስንት ቀን?" "እፍኝ ነው ሁለት እፍኝ?" "ይፈላል ወይስ ይዘፈዘፋል?" ሌላዋ መረቧን ገልጣ የራሷን ጆሮ ግንድ አሳየችኝ፤ ከኔ ይብሳል። የሸምሱን ሱቅ ነገርኳቸው።

እትዬ ዘነቡ ሣጥኑን መልሰው ቆልፈው፣ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አስረው ጓዳ ጠሩኝ። እዚያው ጓዳ ነው፣ ያው የመጀመሪያው ቦታ። ትከሻዬን ጨበጥ አደረጉኝ። "ስሜን አዳንሽው" አሉ። ቀጥለው "አሁን ታጠቢው። ነገ ሳትሸቺ ነይ።"

"አልታጠብም እትዬ። ገና አሥራ አምስት ቀኑ ነው።"

"ልጄ፣ ጾመኛ ላይ ጥብስ እየሸተተ ምግብ አይቀርብም። ወይ ቅጠሉን ወይ ቤቱን።"

ጆሮ ግንዴን ዳሰስኩ። ነበሩ።

"እንግዲያው ቤቱን" አልኩ። "እኔ ነኝ የለቀቅሁት፤ ይመዝገብልኝ።"

 "ከፋሲካ በኋላ ነይ" አሉ እትዬ ዘነቡ። "ያን ጊዜ ጥብስ ጥብስ ብትሸቺ ለቤቱ ማስታወቂያ ነው።"

ሽርጤን አውልቄ ምስማሩ ላይ ሰቀልኩ። ጠርሙሴን ከመደርደሪያው ኋላ አነሳሁ፤ ከግማሽ በላይ ነበር። ስወጣ ጋሽ ታደሰ በልተው ጨርሰው፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ብቻቸውን ቆመዋል። ጥርሳቸውን የሚጎረጉሩ መስለው ይጠብቁኝ ነበር።

"ልጄ" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ይሄ ነገር… ለወንድ ይሆናል?"

"ኮፍያዎን ያውልቁ እስኪ።"

መንገዱን ወዲያና ወዲህ ካዩ በኋላ ኮፍያቸውን አንድ ጣት ያህል ከፍ አደረጉ። የታጠበ ሰሃን።

ጠርሙሱን እጃቸው ላይ አደረግሁት።

"ይውሰዱት" አልኳቸው፣ "ያስፈልግዎታል።"

ሻሼን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና አስፋልቱን ተሻግሬ ወደ ኮዬ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።